ጎረቤት የሚሰማው ጄኔሬተር እንዴት ይመረጣል?

መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ፍለጋ መሳቢያ የሚበረብሩበት ዘመን ማብቃት አለበት። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለውም እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ቦንድ ገዝተውበታልና። ነገር ግን ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ሳሎንዎ ሶኬት ባለው መንገድ ላይ ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ያዘመመ የእንጨት ምሰሶ አለ፣ የሐምሌ ዝናብም አለ። ከእነዚህ አንዱ ባኮረፈ ምሽት የራስዎ ማመንጫ ያስፈልግዎታል። ኪስ የማይጎዳ፣ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ፣ ላንጋኖም ሆነ ገጠር ቤተሰብ ዘንድ ይዘውት የሚሄዱት ጄኔሬተር እንዴት እንደሚመረጥ ከዚህ በታች በፍጹም ቁም ነገር እመክርዎታለሁ።

በቅድሚያ በሐሳቡ እንዳያፍሩ። በአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ የሚጀምረው በጄኔሬተር ነው። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያዋ ማመንጫ የተተከለችው የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት እንድታበራ እንደነበር ይነገራል። የአቃቂ ወንዝ ለኤሌክትሪክ የዋለው ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ግቢው ሲበራ የቀረው ከተማ በኩራዝና በጧፍ ያመሽ ነበር። እንግዲህ ሰፈሩ ጨልሞ የእርስዎ ሳሎን ብቻ ሲበራ ልብዎን ሞቅ የሚያደርገውን ነገር ትዕቢት ነው የሚሉ ቢኖሩ አይስሟቸው። ታሪክ ማክበር ነው።

ወረቀቱን ለማንም አያሳዩ

የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች አንድ ክፉ ልማድ አላቸው። ጄኔሬተር ልገዛ ነው ሲሏቸው «መጀመሪያ ምን ምን እንደሚያስነሡበት ይጻፉ» ይላሉ። እርስዎም የዋህ ነዎትና እስክርቢቶ ያነሣሉ። አምስት ኤልኢዲ አምፖል፣ እያንዳንዱ 9 ዋት፤ 45። ቴሌቪዥን 80። ሪሲቨር 20። ዋይፋይ 10። ሦስት ስልክ፣ ቢበዛ 30። የልጅቷ ላፕቶፕ 60። ድምሩ 245 ዋት። ፍሪጁ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚወስደው 150 ገደማ ነው፤ እሱ ሲጨመር 395።

ይህን ወረቀት አጣጥፈው ይደብቁት። ልጆች ያሳደጉ፣ ቤት የሠሩ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ምሽታቸው በሙሉ በ400 ዋት እንደሚያልቅ ሌላ ሰው ማወቅ የለበትም። በእርግጥ ፍሪጅ ሲነሣ ለቅጽበት ያህል ከመደበኛው ሦስት አራት እጥፍ ይስባል፤ የውኃ ፓምፕም እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ አስበው ቢያሰሉ እንኳ ያለችግር 1,000 ዋት የምትሰጥ ማሽን ትበቃዎታለች። በአንድ እጅ የምትነሣ ማሽን! ከመኪና ሲያወርዷት «አግዙኝ» ብለው ጎረምሳ እንኳ የማይጠሩባት!

ክብርዎን የሚመልስልዎ ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ። 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገቡት ድምሩ በአንድ ጊዜ ወደ 4,000 ይጠጋል፤ እርስዎም የትልቅ ማሽን ገዢ ይሆናሉ። «በቤንዚን እንጀራ ይጋገራል እንዴ?» የሚል ሰው ከተገኘ ወሬ ይለውጡ። አለዚያ ቁጭ ብሎ ያሰላብዎታል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምጣድ ማንደድ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ሦስት ሊትር ያህል ታቃጥላለች፣ በዚያ ገንዘብ ከሱቅ ስንት እንጀራ ይገዛ ነበር እያለ። እንዲህ ያለ ሰው ጋር ክርክር አያዋጣም። ልክ ነውና።

በሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር ይመኑ

ሱቁ ሲደርሱ ሳጥኑ ላይ በጣት ውፍረት «3500» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። በማሽኗ ጎን በተለጠፈች ትንሽ ብረት ላይ ደግሞ በጉንዳን እግር የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፤ 3,000 እንበል። ትልቁ ቁጥር ማሽኗ ለጥቂት ቅጽበት ተንጠራርታ የምትደርስበት ነው። ትንሹ ሳትቸገር ለሰዓታት የምትሰጠው ነው። የተጻፈው በኬቪኤ ከሆነም በ0.8 አባዝተው ወደ ኪሎ ዋት መመለስ የተለመደ ነው፤ 3.5 የነበረው 2.8 ይሆናል። እርስዎ ግን መነጽር አውጥተው ትንሹን ቁጥር ማንበብ አይጀምሩ። ነጋዴው ይከፋዋል።

ይልቁንም ከአየሩ ጋር ይደራደሩ። ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ስለዚህ ያቺ ባለ 3,000 ማሽን ጅቡቲ ወደብ ላይ ስትራገፍ 3,000 ብትሆንም፣ ሽቅብ ተጭና እንጦጦ ሥር ስትደርስ 2,200 ገደማ ሆና ነው የምትወርደው። ሩብ ያህሉን መንገድ ላይ በልተውባታል፤ ለዚህ ግን የሚከሰስ ሾፌር የለም።

ውጤቱን ልንገርዎ። ምጣዱን ብለው የገዟት ማሽን ምጣዱ በተሰካ ቅጽበት ድምጿ ይሰበራል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ብሬከሩ ቀጭ ይላል። ጥቁር ጭስም ካወጣች አይደንግጡ፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ አየር ሲያንሰው ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለከፍታው የሚስማማ ጂግለር የሚቀይር መካኒክ አለ። እሱ ጋ መሄድ ግን ማሽኗ ትልቅ አለመሆኗን በአደባባይ ማመን ነው።

ድምፅን አይናቁ

ኢንቨርተር የሚባል ዓይነት ጄኔሬተር አለ። ሞተሩ የሚያመነጨውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኤሌክትሮኒክስ መልሶ የጠራ ተለዋዋጭ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ጭነት ሲቀንስ ዝግ ማለት ይችላል፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥንም ከእሱ የሚያገኙት ኤሌክትሪክ አይዋዥቅም። ተራዋ ማሽን ይህ ነፃነት የላትም። አገራችን የምትጠቀምበትን 50 ኸርዝ ለመስጠት አንድ ስልክ ተሰካባትም፣ ሙሉ ቤት ተጫነባትም በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር ግዴታዋ ነው።

ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይታወቃል። ከሰባት ሜትር ርቀት ሲለካ ኢንቨርተሯ ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ታሰማለች፤ ክፍቷ ተራ ማሽን ወደ 70 ትጠጋለች። አሥር ዴሲቤል ሲጨመር የሰው ጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል። እዚህ ላይ ነው ብልህ ገዢ የሚለየው። ኢንቨርተሯ ውድ ናት፤ ይባስ ብላ አትሰማም። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው መብራት እንዳለዎት ማንም ካላወቀ፣ ትርፉ ምንድን ነው? ተራዋ ግን ገመዷን እንደሳቡ ለሦስት አጥር ታስታውቅልዎታለች።

በዚህ ረገድ ምርጧ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚጨመርባት ባለ ሁለት ምት ትንሿ ማሽን ናት። ዋጋዋ ርካሽ፣ ጉልበቷ ከ1,000 ዋት በታች፣ ጩኸቷና ጭሷ ግን የትልቅ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ «ከጎረቤቴ እበልጣለሁ» በሚል ቅጽል ስም ትታወቃለች፤ በምክር ቀድመውኛል።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ልጨምር። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከራስዎ መኝታ አርቀው፣ ከጎረቤት መኝታ መስኮት ሥር ያስቀምጧት።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይሰርዟት። የጄኔሬተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያማል፣ ድካም ይጫጫናል፣ ሰውዬው ጋደም ይላል፣ ከዚያ አይነሣም። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ለኩሰው ያደሩ ሰዎች የገጠማቸውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ገዳዩ ያው ጋዝ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን አንዲት ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ልታወጣ እንደምትችል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ በሳሎን፣ በኩሽና፣ በበረንዳ፣ በጋራዥ፣ በድንኳን ውስጥ አትነሣም። መስኮት መክፈትም አይበቃም። ከእርስዎም ከጎረቤትም በርና መስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር ትራቅ፤ ማርሚታዋም ፊቱን ከሰው ያዙር። ነዳጅ የሚጨመረው ጠፍታ ከቀዘቀዘች በኋላ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በሁለቱም ጫፉ ስፒና ያለው ገመድ ነው። በእሱ ጄኔሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚያገናኝ «ዘዴኛ» በየሰፈሩ አይጠፋም። ዋናው ማብሪያ ካልተቋረጠ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ወደ መስመሩ ይወጣል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም 220 ቮልቱን ወደ 15,000 ሊያሳድገው ይችላል። ያን ጊዜ ምሰሶ ላይ ሆኖ መብራት ሊመልስልዎ የሚደክመው ሠራተኛ መስመሩ ሙት ነው ብሎ ይነካዋል። ቤቱን በሙሉ ማገናኘት ከፈለጉ በባለሙያ ማቀያየሪያ ያስገጥሙ። አለዚያ ዕቃዎቹን ከማሽኗ በቀጥታ በኤክስቴንሽን ይሰኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገራችን እንመለስ።

ወደ ተራራ ሲወጡ

ከከተማ ጩኸት ለማረፍ ድንኳን ይዞ መውጣት የተለመደ ሆኗል፤ መልካም ነው። ጩኸቱን ግን ለምን ቤት ጥለውት ይሄዳሉ? የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ ከሰፈሩት አንዱ ነበር። ዋልያውና ጭላዳው እዚያ ሲኖሩ እስከ ዛሬ አንድም ምሽት ሞንታርቦ አልሰሙም። ሊያዝኑላቸው ይገባል።

የጉዞው ስሌት ይኸውና። ፓርኩ ውስጥ ያለው ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ማሽኗ 40 በመቶ ያህል ጉልበቷን ታጣለች። ባለ 3,000 ዋቷ ተራ ማሽን 40 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ ስለዚህ 40 ኪሎ ብረት ተራራ ላይ አውጥተው የሚያገኙት 1,800 ዋት ብቻ ነው። ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር 13 ኪሎ ገደማ ስለሆነች ለበቅሎዋ ትሻላታለች፤ ግን የበቅሎ አስተያየት ማን ይጠይቃል።

እዚያስ ምን ይሰካባታል? ሁለት ስልክ፣ አንድ ካሜራ፣ የፊት ባትሪ። ሁሉም ተደምሮ 50 ዋት አይሞላም። የውኃ ማፍያ ጆግ 1,800 ዋት ይፈልጋል፤ እሱን ቢሰኩ ማሽኗ ተጨንቃ ታፈላለች፣ ከድንኳኑ ማዶ ደግሞ አስጎብኚው በሦስት ጉልቻ ቀድሞዎት ቡና አፍልቶ ይጠራዎታል። ቡናውን ይጠጡ። ጄኔሬተሯንም አያጥፏት፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ለምን እንዳመጧት ሰው ይጠይቅዎታልና።

ገበያ ላይ

መርካቶ ሲገቡ የታወቀ ስም ላይ አንዲት ፊደል የተለወጠባት ማሽን ያገኛሉ። ሻጩ «ኦሪጅናል ናት» ይላል። ኦሪጅናል ናት፤ በዚያ ስም የምትጠራ ሌላ የለችም።

እንደ እኔ ምክር ቀለሟን አይተው፣ ጎማዋን ነክተው፣ ዋጋ ተከራክረው ይግዙ። ካውያ ይዘው የሚመጡ ገዢዎች አሉ፤ ከእነሱ ይራቁ። እነዚህ ሰዎች ማሽኗን ያስነሡና 1,000 ዋቱን ካውያ ሰክተው ሩብ ሰዓት ያህል ይቆማሉ፤ ድምጿ ይሰበር እንደሆነ ያዳምጣሉ፣ ቮልቱ ከ220 ምን ያህል እንደወረደ በመለኪያ ያያሉ። ከዚያ ሁለት እኩል ጉልበት አለን የሚሉ ማሽኖችን እያነሡ ክብደታቸውን ያመዛዝናሉ። ምክንያቱም አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ጥቅልላቸው ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ይቀላል፣ ቶሎ ይግላል፣ ይቃጠላል። በመጨረሻም ዘይት ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላት ወይ፣ መለዋወጫዋስ ሶማሌ ተራ ይገኛል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ሰው ሲያይ ሻይ አያዝለትም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «እኔ እልክልሃለሁ» ቢልዎት ደግሞ እምቢ ማለት ነውር ነው። የእዚያ አገር ማሽን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው የምትሰጠው፤ የእርስዎ ቤት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። አምፖሉ ይፈዛል፣ የፍሪጁ ሞተር አይነሣም። ሆኖም ሳሎን ጥግ ላይ ስትቀመጥ ታምራለች፤ ለመጣ እንግዳም የዘመድ ፍቅር ትመሰክራለች።

ቤት ከገባች በኋላ ያለው ቀላል ነው። መመሪያው የመጀመሪያውን ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየር ይል ይሆናል፤ መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ አላነበቡትም። ቤንዚኑንም ውስጧ ትተው ለሚቀጥለው ክረምት ያቆይዋት። ቤንዚን በወራት ውስጥ ይበላሻል፤ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ ሰፈሩ የጨለመ ዕለት ገመዷን ሃያ ጊዜ ይስባሉ፣ ትከሻዎ ይወልቃል፣ እሷ አትነሣም። መፍትሔው፣ ከማስቀመጥዎ በፊት የነዳጁን መዝጊያ ዘግተው እስክትጠፋ ድረስ እንድትሠራ መተው ነበር። ማደያ ሄደው በጀሪካን አዲስ ለመቅዳት ሲሞክሩ ደግሞ ቀጂው ዓይንዎን እያየ «በጀሪካን አይቻልም» ይልዎታል።

ያን ወረቀት ያልቀደዱ ከሆነ

ምክሬን ሰምተው ከላይ ያለውን ወረቀት ከደበቁት ይህን ክፍል አያንብቡ። ደብቀው አልሆን ብሎዎት መልሰው ካወጡት ግን ይህን ይመልከቱ። ፍሪጁ በሩ ካልተከፈተ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ ይውጣ። አምፖሎቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩና ዋይፋዩ 155 ዋት ናቸው፤ ለአራት ሰዓት 620 ዋት ሰዓት። ስልኮቹና ላፕቶፑ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚሞሉበት ሲጨመር 800 አይሞላም። መብራት ባለ ጊዜ የሚሞላ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ከነኢንቨርተሩ ይህን ይሸፍናል። ጭስ የለው፣ ዘይት የለው፣ ድንኳን ውስጥም ይገባል። በጥቅምት ፀሐይ የ100 ዋት የሶላር ፓኔል በቀን 400 ዋት ሰዓት ገደማ ሊመልስለት ይችላል፤ ስለዚህ ለካምፕ ስልክና ካሜራ ይተርፋል። ሲገዛ ዋጋው ከርካሿ ጄኔሬተር ሊበልጥ ይችላል፤ ቀሪውን ግን በየወሩ ከማይቀዱት ቤንዚን ላይ ያስቡት። አንድ ጉድለት አለው። ምንም አይሰማም።

ጄኔሬተር የግድ የሚሆንበት ቀን ግን አለ። ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲሰበሰብ፣ መብራት በሌለበት ገጠር ሰርግ ሲደገስ፣ ለቅሶ ቤት ሦስት ሌሊት ሲመሽ። እነዚህ ቀኖች በዓመት ጥቂት ናቸው፤ ለሁሉም ቤት በአንድ ቀን አይደርሱም። ለእንዲህ ያለው ነገር አያቶቻችን መላ አበጅተዋል። በሰፈራችን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድንኳን የለውም፤ የሃምሳ ሰው ወንበርና የበሬ ወጥ የሚችል ድስትም የለውም። ዕድሩ አለው። በርከት ያለ ሰው ሲያዋጣ ደግሞ መዳብ ጥቅልል ያላትን፣ የደጋ አየር ሩቧን ወስዶባት እንኳ የምትበቃውን፣ ድምጿ ለለቀስተኛ የማይከብደውን ማሽን መግዛት ይቻላል።

ይህን ሐሳብ ለዕድሩ እንዴት እንደሚያቀርቡ የመጨረሻ ምክሬን ልስጥ። እጅዎን እንዳያወጡ። «ጄኔሬተር እንግዛ» ያለ ሰው የጄኔሬተሩ ኃላፊ ሆኖ እንደሚመረጥ የታወቀ ነው፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ፣ ጀሪካኑ፣ የዘይት ቅየራው፣ በሌሊት «ተነሣ፣ አልነሣ አለች» የሚለው ስልክ ሁሉ የእሱ ነው። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት መናገር የሚወዱትን የሰፈሩን ጋሼ ለብቻ ያግኟቸው፤ ቁጥሮቹን በጆሯቸው ይንገሯቸው። እሳቸው ተነሥተው የራሳቸው ሐሳብ አድርገው ሲያቀርቡት፣ ከኋላ ወንበር «ጋሼ ልክ ናቸው፤ ማሽኗንም ከእሳቸው በላይ የሚይዝልን የለም» ብለው ይቀመጡ።